ከውኃው በታች ያለው ሜዳ፦ የጋቤስ ባሕረ ሰላጤና የዘገየው ውሳኔ

ሜዲትራኒያን ሙላትና ሽሽት እምብዛም የማይታይበት ባሕር ነው። በአብዛኛው ዳርቻው ውኃው ከፍና ዝቅ የሚለው በጥቂት አሥርት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በደቡብ ምሥራቅ ቱኒዚያ የሚገኘው የጋቤስ ባሕረ ሰላጤ ግን ከዚህ ልማድ ይለያል። ዐረቦች ቃቢስ፣ የጥንት ሮማውያን ደግሞ ትንሹ ሲርቲስ ያሉት ይህ ስፍራ ጥልቀቱ አነስተኛ፣ ወለሉም በዝግታ የሚያዘቀዝቅ ነው። በመሆኑም ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ይነሣል፣ ይወርዳል፤ ልዩነቱም አንዳንድ ጊዜ እስከ ሁለት ሜትር ገደማ ይደርሳል። በሸሸ ጊዜ ሰፊ የአሸዋና የጭቃ ሜዳ ይገለጣል። ሴቶች ጎንበስ ብለው በአሸዋው ውስጥ የተቀበረውን ዛጎል ለበስ ፍጥረት ያወጣሉ፤ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች ከእነርሱ ጥቂት ራቅ ብለው ትላትል ይለቅማሉ፤ ጀልባዎችም ውኃው እስኪመለስ በጎናቸው ተጋድመው ይጠብቃሉ።

ስለዚህ ባሕር በተነሣ ቁጥር የሚቀርበው ጥያቄ «ፋብሪካ ይሻላል ወይስ ዓሣ?» የሚል ነው። በቱኒስ በሚደረጉ ክርክሮችም ሆነ ከሩቅ ሆነው ጉዳዩን በሚከታተሉ ሰዎች ዘንድ የሚሰማው ይኸው ነው። ጥያቄው ከመነሻው የተዛባ ነው። የጋቤስ ነዋሪዎች ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የከፈሉት ዋጋ የመጣው ፋብሪካ ስለኖራቸው አይደለም። ባሕሩ ዋጋ የሌለው ባዶ ስፍራ፣ የፈለገ ሁሉ ያለ ክፍያ ቆሻሻውን የሚጥልበት ጉድጓድ ተደርጎ ስለተቆጠረ ነው። ባዶ አለመሆኑን ለመረዳት ከውኃው በታች ምን እንዳለ ማየት ያስፈልጋል።

በባሕረ ሰላጤው ወለል ላይ ፖሲዶኒያ የሚባል የባሕር ሣር ይበቅላል። ብዙዎች እንደሚገምቱት በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፍ አረም አይደለም፤ በየብስ እንዳለ ተክል ሥር፣ ቅጠል፣ አበባና ፍሬ ያለው፣ ከሜዲትራኒያን በቀር በሌላ ባሕር የማይገኝ ዕፅ ነው። የጋቤስ ሜዳ በአንድ ወቅት በመላው ሜዲትራኒያን ከሚገኙት እጅግ ሰፋፊዎቹ አንዱ ነበር። ሣሩ አሸዋውን በሥሩ ይይዛል፣ የማዕበሉን ጉልበት ያበርዳል፣ ካርቦን በወለሉ ውስጥ ያከማቻል፣ ለዓሣ ጫጩቶችም መሸሸጊያ ይሆናል። በመኸር ወራት የሚረግፈው ቅጠል በዳርቻው ተከምሮ ቡናማ ክምር ሲሠራ ጎብኚዎች ቆሻሻ ይመስላቸዋል፤ የባሕር ዳርቻው እንዳይሸረሸር የሚከላከለው ግን ያ ክምር ነው። የዚህ ሣር ድክመቱ አንድ ነው፦ በጣም ዝግተኛ ነው። ሥሩ በዓመት የሚረዝመው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ በአንድ ቀን መረብ የተነቀለውን ቁራሽ ሜዳ ለመመለስ የአንድ ሰው ዕድሜ ላይበቃ ይችላል።

በዚህ ሜዳ ላይና ዙሪያ የሚኖረው ሕይወት ብዙ ነው። ጊታር ዓሣ የሚባሉት ጠፍጣፋ የሻርክ ዘመዶች በሌላው ሜዲትራኒያን እየጠፉ ቢሄዱም እዚህ ግን በጸደይ ወደ ጥልቀት የለሹ ውኃ እየመጡ ልጆቻቸውን ይወልዳሉ፤ እንቁላል ጥለው አይሄዱም፣ የሚዋኙ ግልገሎችን ይወልዳሉ እንጂ። ሻርኮችም ጥልቀት የለሹን ውኃ እንደ ማሳደጊያ ይጠቀሙበታል። በግሪክ ዳርቻዎች እንቁላል ጥለው ምልክት የታሰረባቸው ትልልቅ የባሕር ኤሊዎች ከመቶዎች ኪሎ ሜትሮች ጉዞ በኋላ በጋቤስ መረቦች ውስጥ ተገኝተዋል፤ ውኃው ሞቅ ያለ፣ ወለሉም ምግብ የሞላበት ስለሆነ ክረምቱን የሚያሳልፉት እዚህ ነው። በክናይስ ደሴቶች ዙሪያ በሚገለጠው ጭቃና ከስፋቅስ ከተማ አጠገብ ባሉት የጢና ጨው ማምረቻ ኩሬዎች ደግሞ ከሰሜን አውሮፓ የሚመጡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወፎች ይከርማሉ። ፍላሚንጎዎች በነዚያ ኩሬዎች ውስጥ ቆመው ከበስተኋላቸው የከተማው ጭስ ይታያል። ሁለቱም ስፍራዎች በ2007 (እ.አ.አ) በራምሳር ስምምነት ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ካላቸው ረግረጋማ ስፍራዎች መዝገብ ላይ ሠፍረዋል።

የሰው ልጅ ከዚህ ባሕር ጋር ተስማምቶ መኖር እንደሚችል ማስረጃ የሚሻ ሰው ወደ ከርከና ደሴቶች ይሂድ። እነዚህ ዝቅተኛ ደሴቶች ከስፋቅስ ፊት ለፊት ይገኛሉ፤ ሕዝባቸውም «ሸርፊያ» በሚባል ዘዴ ዓሣ ያጠምዳል። የተምር ዛፍ ዝንጣፊዎች በባሕሩ ወለል ላይ ተርታ ተተክለው ረጅም አጥር ይሠራሉ። ከሙላቱ ጋር ወደ ዳርቻው የመጣው ዓሣ ውኃው ሲሸሽ አብሮ ሊመለስ ይሞክራል፤ አጥሩ ይመራዋል፣ ያጠብበታል፣ በመጨረሻም ወደ ማጥመጃ ክፍል ያስገባዋል። ሞተር የለ፣ ነዳጅ የለ፣ ወለሉን የሚቧጥጥ ብረት የለ። አጥሩ የሚተከልበት የባሕር ቦታ እንደ እርሻ መሬት ከአባት ወደ ልጅ በውርስ ይተላለፋል፤ የያንዳንዱ ቤተሰብ ድንበር ይታወቃል። ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ግን የጊዜ ገደቡ ነው። አጥሩ የሚቆመው ከመኸሩ የቀንና የሌሊት እኩሌታ በኋላ ሲሆን የሚሠራውም እስከ ጁን ወር ድረስ ብቻ ነው። በቀሪዎቹ ወራት ባሕሩ ያርፋል፣ ዓሣው ይራባል። ዩኔስኮ ይህን ዘዴ በ2020 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። የመዝገቡ ክብር መልካም ነው፤ ነገር ግን ሸርፊያ ለቱሪስት የሚታይ የቆየ ጌጥ ተደርጎ እንዳይቆጠር ያሰጋል። ሸርፊያ የባለቤትነት፣ የገደብና የዕረፍት ሕግ ነው። ዛሬ የባሕር ሳይንስ ሊቃውንት በረቀቀ ቋንቋ የሚመክሩትን የከርከና ገበሬ በዝንጣፊ ሲሠራው ኖሯል። (ገበሬ መባሉ ስሕተት አይደለም፤ ባሕሩን የያዘበት መንገድ የአራሽ እንጂ የአዳኝ አይደለም።)

ከከርከና በስተደቡብ በጋቤስ ከተማ የተከሰተው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ጋቤስ በሜዲትራኒያን ዳርቻ ብቸኛው ከባሕር ጋር የሚዋሰን የተምር ኦአሲስ ያላት ከተማ ናት። ከላይ የተምር ዛፍ፣ ከሥሩ ሮማንና ሌሎች ፍሬዎች፣ ከዚያም በታች አትክልትና ሂና በሦስት ደርብ ይበቅሉባታል። የጋቤስ ሂና በመላው ሰሜን አፍሪካ ሙሽሮች ዘንድ የታወቀ ነው። ቱኒዚያም ይህን ኦአሲስ በ2008 ለዓለም ቅርስነት በዕጩነት አስመዝግባዋለች። በዚህች ከተማ ዳርቻ በ1972 የመንግሥት የኬሚካል ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ከቃፍሳ ተራሮች በባቡር የሚመጣው የፎስፌት ድንጋይ በሰልፈሪክ አሲድ እየተሟሟ የማዳበሪያ ጥሬ ዕቃ የሆነው ፎስፎሪክ አሲድ ይመረታል። የሂደቱ ችግር ስሌቱ ላይ ነው፦ ለአንድ ቶን አሲድ ወደ አምስት ቶን የሚጠጋ ፎስፎጂፕሰም የሚባል ዝቃጭ ይወጣል። በዝቃጩ ውስጥ ካድሚየምና ፍሎራይድን የመሰሉ መርዛማ ነገሮችና ጥቂት የጨረራ አመንጪ ቅሪቶች አሉ። ይህ ዝቃጭ በቦይ ተደርጎ ወደ ባሕሩ ተለቀቀ። ፋብሪካው በሙሉ አቅሙ በሚሠራባቸው ጊዜያት በቀን እስከ 14 ሺህ ቶን ይደርስ እንደነበር በብዛት ይጠቀሳል።

ውጤቱን ለመረዳት የተለየ መሣሪያ አያስፈልግም። በጋቤስ ወደብ አካባቢ ውኃው ደፍርሷል፣ ወለሉ በጥቁርና ግራጫ ዝቃጭ ተሸፍኗል። ሣሩ የሚኖረው በብርሃን ስለሆነ ውኃው ሲደፈርስ ይሞታል፤ የተረፈው ደግሞ በዝቃጩ ሥር ይቀበራል። ሣሩ ሲጠፋ ጫጩቶቹ መሸሸጊያ ያጣሉ፣ አሸዋው ይንቀሳቀሳል። በአንድ ወቅት በዓሣ፣ በሽሪምፕ፣ በኦክቶፐስና በስፖንጅ ሀብቱ ይታወቅ የነበረውና ለአገሪቱ የዓሣ ምርት ትልቁን ድርሻ ሲያበረክት የኖረው ባሕረ ሰላጤ በከተማይቱ ፊት ለፊት ምድረ በዳ ሆነ። ዓሣ አጥማጆች ነዳጅ እያቃጠሉ ርቀው መሄድ ግድ ሆነባቸው፤ ትንንሽ ጀልባ ያላቸው ደግሞ ርቀው መሄድ ስለማይችሉ ሥራውን ተዉት። ዛጎል የሚለቅሙት ሴቶች፣ አብዛኞቹ ሌላ ገቢ የሌላቸው፣ በየዓመቱ የሚያገኙት እያነሰ መጣ። ፋብሪካዎች ከመሬት ውስጥ የሚስቡት ውኃ በበዛ መጠን የኦአሲሱ የተፈጥሮ ምንጮች ደረቁ፤ የተምር ማሳው ዛሬ የሚጠጣው በጥልቅ ጉድጓድ ፓምፕ ነው።

እዚህ ላይ የፋብሪካው ደጋፊዎች ቃል በአግባቡ መደመጥ አለበት። ፎስፌት ለቱኒዚያ የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ነው። ከ2011 አብዮት በፊት አገሪቱ በዓመት ከ8 ሚሊዮን ቶን በላይ ታመርት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ምርቱ በእጅጉ አሽቆለቆለ፤ መንግሥትም በ2030 ወደ 14 ሚሊዮን ቶን ለማድረስ ማቀዱን አስታውቋል። በጋቤስ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች የሚተዳደሩት ከፋብሪካው በሚገኝ ደመወዝ ነው፤ ሥራ አጥነት በበዛበት ደቡብ ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ማዳበሪያም ቅንጦት አይደለም፤ የዓለም ገበሬ ይፈልገዋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም የፋብሪካው ትርፍ ሲሰላ በአንድ ወገን የተመዘገበው ሽያጩ ብቻ ነው። የጠፋው ሣር፣ የተዘጋው የዓሣ ገበያ፣ የደረቀው ምንጭ፣ የሕፃናቱ ሳል በየትኛውም ዓምድ ላይ አልሰፈሩም። ዓሣ አጥማጁም ሠራተኛ ነው፤ ዛጎል ለቃሚዋም ሠራተኛ ናት። የእነርሱ ሥራ ሲጠፋ ማንም «የሥራ ዕድል ታጠፈ» ብሎ አልጻፈም፤ ምክንያቱም መጀመሪያውኑ በደመወዝ መዝገብ ላይ አልነበሩም።

የቱኒዚያ መንግሥት ራሱ ይህን ያውቃል። በጁን 2017 ዝቃጩ ወደ ባሕር መጣሉ እንዲቆምና በካዮቹ ክፍሎች ደረጃ በደረጃ እንዲነሡ ወስኖ ነበር። ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብትም በ2014ቱ ሕገ መንግሥት የሠፈረ ሲሆን በ2022ቱም ውስጥ ተጠብቋል። ውሳኔው ተጻፈ፣ ዝቃጩም መፍሰሱን ቀጠለ። ጭራሽ በ2025 መጀመሪያ ፎስፎጂፕሰም ከአደገኛ ቆሻሻዎች ዝርዝር ውስጥ እንዲወጣ ተደረገ። በዚያው ዓመት መኸር በፋብሪካው አጠገብ ባለችው ሻጥ አስሰላም ሠፈር ተማሪዎች በትምህርት ገበታቸው ላይ ሳሉ ትንፋሽ አጥሯቸው ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ። ከዚያ በኋላ የሆነው በዓለም መገናኛ ብዙኃን ታይቷል፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አደባባይ ወጣ፤ ኦክቶበር 21 ቀን ከተማይቱ በአጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ተዘጋች። ሰልፈኞቹ ማዳበሪያ ይቅር አላሉም። የጠየቁት ከስምንት ዓመት በፊት የተወሰነው እንዲፈጸም ነበር።

የጎረቤትን ጭስና ሽታ በሕግ መጠየቅ ከአውሮፓ የመጣ አዲስ አስተሳሰብ የሚመስላቸው አሉ። በቱኒዚያ ምድር ግን ይህ ጥያቄ ሰባት መቶ ዓመታት የቆየ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በቱኒስ የኖሩት ኢብኑ ራሚ በሙያቸው ግንበኛ ነበሩ፤ በቃዲው ፊት የሕንፃ ክርክሮችን እየመረመሩ የባለሙያ ቃላቸውን ይሰጡ ነበር። በማሊኪ መዝሀብ የተሰጡ ብያኔዎችን ሰብስበው ባዘጋጁት መጽሐፋቸው ውስጥ የመታጠቢያ ቤትና የምድጃ ጭስ፣ የቆዳ ማልፊያ ሽታ፣ የወፍጮ ንቅናቄ በጎረቤት ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ሰፊ ቦታ ይዟል። ጉዳትን ማስወገድ የፊቅህ መሠረት ስለሆነ ዳኛው የሚጠይቀው ማን ሀብታም ነው ወይም ማን ለከተማው ገቢ ያስገባል ብሎ አልነበረም። ጉዳቱ ምን ያህል ነው፣ ቀድሞ በስፍራው የነበረውስ ማን ነው የሚሉት ጥያቄዎች ነበሩ ክብደት የሚሰጣቸው። ይህ መለኪያ በጋቤስ ላይ ቢውል መልሱ አያደናግርም። ኦአሲሱና ባሕሩ ከፋብሪካው በብዙ ክፍለ ዘመናት ይቀድማሉ።

ነገር ግን የባሕሩን ጥፋት ሁሉ በአንድ ጭስ ማውጫ ላይ መጫን ፍትሐዊ አይሆንም። ዓሣ አጥማጆችም የድርሻቸውን ይወስዳሉ። በሕጉ መሠረት ወለል የሚጠርግ መረብ ከ50 ሜትር በታች ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥ አይፈቀድም፤ በባሕረ ሰላጤው ደግሞ ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ለሦስት ወራት የመረብ ጠራጊ መርከቦች ዕረፍት ታውጇል። ሕጉ መልካም ነው። ሆኖም በተለይ ከ2011 ወዲህ ቁጥጥሩ በላላበት ጊዜ «ኪስ» የሚባለው ትንሽ ጠራጊ መረብ በየወደቡ ተስፋፋ። ትንሽ ጀልባ፣ ጠንካራ ሞተር፣ ከባድ ሰንሰለት፤ ይህ ብቻ በቂ ነው። ጀልባው ሌሊት ወደ ጥልቀት የለሹ ሜዳ ይገባና ሣሩን ከነሥሩ፣ ጫጩቱን ከነእናቱ ጠርጎ ይወጣል። በጠዋት ገበያ ላይ የሚሸጠው ሽሪምፕ ጥቂት ኪሎ ነው፤ ተመልሶ ወደ ባሕር የሚጣለው የሞተ ግልገል ግን ብዙ ነው። የከርከና ባለ ሸርፊያዎች አጥራቸው በኪስ ጀልባዎች ሲፈርስባቸው ኖሯል፤ በአንድ መንደር ውስጥ ጠብ ያስነሣ ጉዳይ ነው። ኪሱን የሚጎትተው ወጣት በበኩሉ የሚለው አለው፦ ዓሣው ከጠፋ ወዲያ በደህናው መረብ የአንድ ቀን የነዳጅ ዋጋ አይገኝም። ይህ ምክንያት ይረዱታል እንጂ አይቀበሉትም። የደኸየ ሰው የራሱን ጎተራ ቢያቃጥል የሚቀጣው ራሱን ነው፤ ኪስ ግን የሌላውን ጎተራም ነው የሚያቃጥለው።

በዚህ በተዳከመ ባሕር ውስጥ በ2014 አንድ እንግዳ ታየ፤ ሰማያዊው ሸርጣን። አንባቢው ምናልባት ያውቀው ይሆናል፤ በቀይ ባሕርና በዐረቡ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ባሉ የዓሣ ገበያዎች «ጉብጉብ» እየተባለ የሚሸጠው ነው። ከ1869 ጀምሮ ሁለቱን ባሕሮች ባገናኘው የስዊዝ ቦይ በኩል ወደ ሜዲትራኒያን የተሻገሩ ፍጥረታት በርካታ ናቸው፤ ሸርጣኑም ከእነርሱ አንዱ ሆኖ በሞቃቱና ጥልቀት በሌለው የጋቤስ ውኃ ውስጥ የልቡን ሀገር አገኘ። መረብ ይቆርጣል፣ በመረብ የተያዘውን ዓሣ ይበላል፣ የሚያወጣውን ሰው እጅ ያቆስላል። የጋቤስ ዓሣ አጥማጆች «ዳዒሽ» ብለው ሰየሙት። ስሙ ቀልድ ይምሰል እንጂ ምሬት ነበረበት፤ አንዳንዱ በአንድ ወር ውስጥ የመረቡን ሁሉ ጥገና መክፈል አቅቶት ጀልባውን ወደ የብስ ጎትቷል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ከ2017 ጀምሮ መንግሥት ሸርጣኑ ተጠምዶ እንዲሸጥ ድጋፍ ሰጠ፤ ማጥመጃ ወጥመዶች ተሠሩ፣ ማቀነባበሪያ ፋብሪካዎች ተከፈቱ፣ ሸርጣኑም እየቀዘቀዘ ወደ እስያና ወደ ሌሎች ገበያዎች በሺዎች ቶን ተላከ። መዓት የተባለው ገቢ ሆነ። ይህን አንዳንዶች ባሕሩ እንዳገገመ ምልክት አድርገው ይጠቅሱታል። እንዲህ ያለው ንግግር አሳሳች ነው። ሸርጣን ደፍራሳ ውኃንም ይችላል፣ የተራቆተ ወለልንም ይችላል፤ የሞተ ነገርም ይበላል። እርሱ በዝቶ መገኘቱ የሚናገረው ስለ ባሕሩ ጤና ሳይሆን ቦታው ባዶ ስለመሆኑ ነው። ሸርጣን ከሚመገቡት ጠላቶቹ አንዱ ኦክቶፐስ ነው፤ ኦክቶፐሱ ያለ ልክ በሚጠመድበት ባሕር ውስጥ እንግዳው ማንን ይፈራል? ያም ሆኖ ከሸርጣኑ ታሪክ አንድ ነገር መማር ይቻላል፦ መንግሥት በፈለገ ጊዜ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ለዓሣ አጥማጁ አዲስ መንገድ መክፈት ይችላል።

ለፎስፎጂፕሰሙም ቢሆን መንገድ የለም ማለት አይቻልም፤ ማስረጃውም ከዚያው ባሕረ ሰላጤ ሰሜናዊ ጫፍ ከስፋቅስ ይገኛል። በስፋቅስ ሰሜናዊ ዳርቻ የነበረ የፎስፌት ፋብሪካ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተዘጋ፤ ትቶት የሄደው የዝቃጭ ክምርም ለዓመታት የከተማውን ዳርቻ ሲበክል ቆየ። ከ2006 እስከ 2009 ባለው ጊዜ በከተማይቱ ጥንታዊ ስም «ታባሩራ» በተባለ ፕሮጀክት ዝቃጩ ተሰብስቦ፣ በአንድ ስፍራ ታሽጎ፣ በላዩም ተሸፍኖ በመቶዎች የሚቆጠር ሄክታር ዳርቻ ዳግም ነጻ ሆነ። በደቡባዊው ዳርቻ የነበረው ሌላው ፋብሪካም በ2019 ማምረቱን አቆመ። ስፋቅስ የቱኒዚያ ሁለተኛዋ ከተማና የነጋዴዎች መናኸሪያ ናት፤ ድምፅዋ በቱኒስ ይሰማል። የደቡቧ ጋቤስ ግን ድምፅዋ እንዲሰማ አደባባይ መዝጋት አስፈለጋት። ይህ ልዩነት በሣሩና በኤሊው መካከል ያለ ሳይሆን በዜጎች መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ዝቃጩን ከባሕር ማውጣት ሲባል ግን ወዴት? የሚለው ከባዱ ጥያቄ ነው። ቀደም ሲል በወድረፍ ከተማ አቅራቢያ በየብስ ላይ ለማከማቸት ታቅዶ ነዋሪዎቹ አሻፈረኝ ብለዋል፤ የእነርሱም የከርሰ ምድር ውኃና አየር እንደ ጋቤስ ባሕር እንዳይሆን ፈሩ። ፍርሃታቸው መሠረት ነበረው። ከሥሩ ውኃ የማያስገባ ንጣፍ ያልተነጠፈለት፣ የሚፈሰው ውኃ ተሰብስቦ የማይጣራበት ክምር ብክለቱን ከዓሣው ወደ ጉድጓዱ ከማዛወር በቀር የሚፈይደው የለም። ስለዚህ ቦታው ሲመረጥ ነዋሪው ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በጠረጴዛው ዙሪያ መቀመጥ ይኖርበታል፤ የመሬቱ ጥናትም በምስጢር ሳይሆን በአደባባይ መነበብ ይገባዋል። ወጪው ከፍተኛ ነው። ይሁንና ይህ ወጪ እስከ ዛሬ የቀረ ወጪ አይደለም፤ በሌሎች ሰዎች ኪስ ሲከፈል የኖረ ወጪ ነው። የፎስፌት ምርትን በብዙ እጥፍ ለማሳደግ የተያዘው ዕቅድ ከዚህ በፊት ይቅደም ከተባለ፣ ስሌቱ ለማንም ግልጽ ነው፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ የአሲድ ቶን አምስት ቶን ይዞ ይመጣል።

በከተማይቱ ፊት ለፊት የሞተውን ሜዳ ለመመለስ ትውልዶች ያስፈልጋሉ፤ አንዳንዱም ላይመለስ ይችላል። በአንጻሩ በከርከና ዙሪያ፣ በጄርባ ደሴት አቅራቢያና በደቡቡ ክፍል አሁንም የሚያወዛውዝ አረንጓዴ ሣር አለ። የሚታደገውም ከዚያ ተነሥቶ ነው። ይህ የቀረው ሜዳ ድንበሩ ተለክቶ በካርታ ላይ ሊሠፍር፣ ኪስ ጀልባ እንዳይገባበት ወደብ ላይ ሊጠበቅ ይገባል፤ ሌሊት በባሕር ላይ ከማሳደድ ይልቅ መረቡ በሚሠራበትና በሚሸጥበት ስፍራ መቆጣጠር ይቀላል፣ ይረክሳልም። የሸርፊያ ባለቤቶች አጥራቸው በሚገኝበት ውኃ ላይ የመክሰስ መብታቸው ይጠናከር። በፋብሪካው ቦይ አፍ ላይ ደግሞ በየቀኑ የሚወጣው ዝቃጭ መጠን ተለክቶ ለሕዝብ ይገለጽ፤ ይህን ለማድረግ አዲስ ሕግም ሆነ የውጭ ብድር አያስፈልግም፣ ነገ ጠዋት ሊጀመር ይችላል። ፋብሪካው የመንግሥት ነው፣ ቦይውም የመንግሥት ነው፣ የ2017ቱ ውሳኔም በመንግሥት መዝገብ ቤት ውስጥ ይገኛል።